ሰርቨሩን ሳዘዋውር ያስቀረሁት

ለአዲሱ ሰርቨር ገንዘብ ተፈቅዶ፣ ዕቃውም ተገዝቶ ግምጃ ቤት ከገባ በኋላ ሥራውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ጥፋቱ የግዢ ክፍል ነው ሲባል ዝም ብያለሁ፤ መብራቱ ነው ሲባል ራሴን ነቅንቄያለሁ፤ ፋይናንስ ነው ሲባል ደግሞ «እነሱማ መች ይቸኩላሉ» ብዬ ጨምሬበታለሁ። ኑዛዜ ለነፍስ አባት ነው የሚነገረው። እኔ ግን ይህን ለእሳቸው ልናገር ብል መጀመሪያ ሰርቨር ምን እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው፤ ማስረዳት ከጀመርኩ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ማብራሪያው ውስጥ ተሸሽጌ ኃጢአቱ ጋ ሳልደርስ ባርከው ያሰናብቱኛል። በማብራሪያ መሸሸግ ዋናው ሙያዬ ሆኗል። ስለዚህ ማብራሪያውንም ኃጢአቱንም እዚሁ አንድ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ነው። አሮጌው ሰርቨር ከደረጃ ሥር ባለች መስኮት አልባ ክፍል፣ ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከፈተና ወረቀት ካርቶኖች ጋር ተቀምጦ የቤተ መጻሕፍቱን ካታሎግና የሬጅስትራሩን መዝገብ ያስተናግድ ነበር። የተጫነበት ሲስተም ዴቢያን 8 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ በነፃ የሚሰጠው የተራዘመ ድጋፍ በ2020 ሰኔ ያበቃለት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታ ነበር፤ ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱም አቅም ሲያጣ ማሽኑ ቀኑን ረስቶ ይነሳል። ቀኑን የምነግረው እኔ ነበርኩ። ባትሪዋ በጥቂት ብር ትገኛለች፤ አልቀየርኳትም። ሰዓቱን ራሱ ከኔትወርክ እንዲወስድ ማድረግም ይቻላል፤ አላደረግኩም። ቀን የሚጠይቀኝ ማሽን መኖሩ ደስ ይለኝ ነበር ብል የሚያምነኝ የሙያ ባልደረባ አለ? ያለ ይመስለኛል። ከአንድ በላይም ሳይኖር አይቀርም።

ሥራው ለምን አይጀመርም ተብዬ በተጠየቅኩ ቁጥር የሰጠሁት መልስ ሁሉ እውነት ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ዲስኮቹ ለዓመታት ሳያርፉ የዞሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ዲስክ አንዴ ቆሞ ከቀዘቀዘ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል አልኩ። እውነት ነው። ኃላፊያችን፣ በሙያቸው የሒሳብ ሰው ናቸው፣ «ዲስኩን ነቅለን አዲሱ ላይ ብንሰካውስ?» አሉ። ሁለቱን ዲስኮች አንዱን የሌላው ግልባጭ አድርጎ የሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድ ዲስኩ ላይ የራሱን ምልክት ይጽፋል፤ የሌላ ፋብሪካ ካርድ ያንን ምልክት ላያውቀው ይችላል አልኩ። እውነት ነው። አሮጌው ማሽን የሚነሳው በባዮስ ነው፣ አዲሱ ግን በዩኢኤፍአይ ነው፤ አሮጌው የኔትወርክ ካርዱን «ኢቲኤች ዜሮ» ይለዋል፣ አዲሱ ዴቢያን ግን ካርዱ የተሰካበትን ቦታ አይቶ ሌላ ስም ያወጣለታል፣ ስለዚህ ማሽኑ ተነስቶም ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል አልኩ። እሱም እውነት። ኃላፊው ማስታወሻቸው ላይ ሲጽፉ ቆይተው «ታዲያ ምን ይሻላል?» ሲሉኝ «ትንሽ ብንታገሥ» አልኳቸው።

ውሸት ተናግሬ ቢሆን አንድ ቀን ይነቃብኝ ነበር። እውነት እየተናገረ የሚያታልልን ሰው ግን በምን ይይዙታል? ችግሩን ሁሉ ዘርዝሬ መፍትሔውን ዋጥኩት። መፍትሔውም ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ዲስክ አይነቀልም። አዲሱ ማሽን ላይ አዲስ ሲስተም ከባዶ ይጫናል፣ ዳታው ብቻ ዳምፕ ተደርጎ፣ ማለትም ወደ ፋይል ተገልብጦ፣ ይሻገራል፣ አሮጌው እንደበራ ይቆያል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይፈተሹና ያኔ ተጠቃሚው ወደ አዲሱ ይዞራል። በዚህ መንገድ ከተሄደ የቀዘቀዘ ዲስክም፣ የሬይድ ካርድም፣ ባዮስም ነገር አይሆኑም። ኃላፊው ይህን አልጠየቁኝም። እንዴትስ ይጠይቁኛል? መጠየቂያው ቃል ያለው እኔው ዘንድ ነው።

ለምን እንዲህ አደረግኩ ስል መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ደመወዝ ነው። ደመወዜ ባለበት ቆሞ ሥራዬ ሲጨመር ኖሯል፤ ስለዚህ የማውቀውን ለራሴ ይዤ ብቆይ እንደ ጭማሪ ቁጠሩልኝ አልኩ። የሚያዋጣ መከራከሪያ ነው፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የሚያወሩ የአይቲ ሰዎች ሁሉ ይቀበሉታል። እኔም ረዘም ላለ ጊዜ ተቀብዬው ነበር። ችግሩ፣ ደመወዝ የተጨመረልን ሰሞንም አዲሱን ሰርቨር ከካርቶኑ አላወጣሁትም።

ሁለተኛው መልስ ትንሽ ጠለቅ ይላል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሲለቅ ያስረከበኝ በእጁ የጻፈው አንድ ፓስወርድ ብቻ ነው። የቀረውን የተማርኩት ሌሊት ሌሊት የማዋቀሪያ ፋይሎችን አንድ በአንድ እየከፈትኩ፣ ይህ ለምን እዚህ ገባ እያልኩ፣ የማይገባኝን መስመር ስነካ የሬጅስትራር ስልክ እየጮኸብኝ ነው። ያ ጊዜ አስመርሮኛል፤ አኩርቶኛልም። ሌላ ሰው ሲመጣ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከወረቀት ላይ እንዲያነበው ማድረግ ያ ሁሉ ሌሊት እንዲሰረዝ መፍቀድ መስሎ ታየኝ። እኔ ለፍቼ ያገኘሁትን ሌላው ተቀምጦ ያግኘው? ክፋቱ ይህ ሐሳብ ክፋት አለመምሰሉ ነው። «ሥራውን በሥራ ይማሩት» ሲባል አስተማሪ ያስመስላል።

ከሁለቱም ሥር ያለውን ለመናገር ያፍራል ሰው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ተመዝጋቢው ተማሪ ኮሪደሩን ሞልቶ፣ የሬጅስትራር ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው፣ ኃላፊው እንኳ ከቢሯቸው ወጥተው፣ ሁሉም ያንን ጥቁር ስክሪን ሳይሆን የእኔን ፊት ያያሉ። እኔ ግንባሬን ቋጥሬ ፊደል እነካለሁ። ብዙውን ጊዜ ምንም የሚነካ ነገር የለም፤ ማሽኑ ዲስኩን ፈትሾ እስኪጨርስ መጠበቅ ብቻ ነው። እኔ ግን እነካለሁ። ሌላ ቀን ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ የሚጠራ ሰው ነኝ፤ ያኔ ግን እንደ ሐኪም እታያለሁ። አዲሱ ሰርቨር መብራት ሲጠፋ ሥርዓቱን ጠብቆ ራሱ የሚዘጋ፣ ሲመጣ ራሱ የሚነሳ፣ ሰዓቱን ራሱ የሚያስተካክል ነው። ዝርዝር መግለጫውን ሳነብ ቅር አለኝ። የዕቃውን መግለጫ አንብቦ የሚከፋ ሰው ምን ይባላል?

መዘግየቱን ያስቆመችው አዲስ የተቀጠረች ልጅ ናት። ስብሰባ ላይ፣ ኃላፊው ባሉበት፣ በትሕትና «ጋሼ፣ አሮጌውን ምንም ሳንነካው ዳምፕ ወስደን አዲሱ ላይ ብንሞክረውስ?» አለች። ክፍሉ ዝም አለ። እኔም ራሴ ላመጣው የነበረ ሐሳብ እንደሆነ አስመስዬ «እሱን ነው እኮ የምለው» አልኩ። ኃላፊው ማስታወሻቸውን ወደ ኋላ ገልጠው አዩ፤ ምንም አላሉም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ። ካታሎጉ የሚሠራበት ሶፍትዌር ኮሃ ይባላል፤ ኒው ዚላንድ ውስጥ ለሆሮዌኑዋ የቤተ መጻሕፍት ትረስት የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሥራ የጀመረ፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጭነው ነው። እዚያም የተወለደው በዚሁ ጭንቀት ነው፦ የቤተ መጻሕፍቶቹ የቀድሞ ሲስተም የ2000ን መግቢያ እንደማይሻገር ስለታወቀ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። ኮሃ ለመዘዋወር የሚመች ነው። አንድ ትእዛዝ ዳታቤዙንና የቤተ መጻሕፍቱን ማዋቀሪያ ጠቅልሎ ያወጣል፣ ሌላ ትእዛዝ አዲሱ ማሽን ላይ ይዘረጋዋል። መፈለጊያ ማውጫው ብቻ አይሻገርም፤ ዜብራ የሚባለው ክፍል መዝገቦቹን አንድ በአንድ አንብቦ እንደ አዲስ ያዘጋጀዋል። ለእኛ ፊደል ደግሞ ቃላትን በዩኒኮድ ሥርዓት እንዲለይ አስቀድሞ ማዋቀር ያስፈልጋል። ይህን ልጅቷ ከመመሪያው አንብባ ራሷ አደረገችው። አዲሱ ማሽን በግሪንዊች ሰዓት ተነስቶ የመጽሐፍ ውሰት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሲቀርም እኔ ሳላየው ቀድማ አስተካከለችው። በሁለቱም አልተደሰትኩም።

የተደሰትኩት በሬጅስትራሩ ዳታቤዝ ነው፤ ሁለተኛው ኃጢአቴም እዚያ ነው።

የሬጅስትራሩን ፕሮግራም የሠራው ያው ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፤ ማይኤስኪውኤል የተወለደው ስዊድን በመሆኑ ሠሪው ሌላ ካላዘዘው በቀር የላቲን ፊደል እንደሚቀመጥበት ይገምት ነበር፣ ድርደራውም በስዊድን ሥርዓት ነበር። ይህ ግምት የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው በ8ኛው እትም ነው። የእኛ ሰውዬ ሌላ አላዘዘም። ድረ ገጹ የተማሪውን ስም በዩቲኤፍ-8 ይልከዋል፤ በዚህ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ዳታቤዙ ሦስቱን ባይት ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው ብሎ ያስቀምጣቸዋል። ሲጠየቅም ሦስቱን እንዳሉ ይመልሳል፣ ድረ ገጹ መልሶ ፊደል ያደርጋቸዋል። ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ስሕተት ስለሚሳሳቱ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ልክ ነው። አሮጌው ማሽን ላይ ለዓመታት ማንም አንዳች ጉድለት አላየም፤ ጉድለቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ከሌሊቶቹ በአንዱ።

ይህ ዳታቤዝ እንደ ማንኛውም ዳታቤዝ ዳምፕ ከተደረገ አዲሱ ማሽን ልክ የሆነውን ሥርዓት ስለሚከተል ስሞቹ ሁሉ ይፈርሳሉ። የግዕዝ ፊደል ዋናው ሠንጠረዥ በዩኒኮድ የተቀመጠበት ቦታ የእያንዳንዱን ፊደል የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት ያደርገዋል፤ ያቺ ባይት በላቲን ስትነበብ በራሷ ላይ ጭረት ያለባት «ኤ» ናት። ስለዚህ «አበበ» የነበረው ሦስት ጊዜ ጭረት ያላት ኤ፣ ከእያንዳንዷ ኋላ ሁለት ሁለት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዳምፑ ሲወሰድ «በላቲን ነው የተቀመጠው፣ አትተርጉመው» ብሎ ማዘዝ፣ ከዚያ ፋይሉ ውስጥ የሠንጠረዦቹን መለያ ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሮ ማስገባት። ስክሪፕቱን ቀደም ብዬ ጽፌ፣ ቤት ባለው ኮምፒዩተሬ ላይ ሞክሬ፣ እንደሚሠራ አረጋግጬ ነበር።

በሙከራው ምሽት ግን ስክሪፕቱን አልተጠቀምኩበትም። መጀመሪያ ተራውን ዳምፕ አስገባሁ። ኃላፊው ነበሩ፣ የሬጅስትራሯ እትዬ ነበሩ፣ ልጅቷም ነበረች። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ዝርዝር ተከፈተ፦ ከላይ እስከ ታች ጭረት ያለባት ኤ፣ ኤ፣ ኤ። እትዬ «በስመ አብ! የልጆቹ ስም የት ሄደ?» ብለው ወንበሩን ያዙ። ትራንስክሪፕት፣ ዲፕሎማ፣ የብዙ ዓመት ውጤት በዓይናቸው ዞረ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ያኔ ወዲያው «አይዞዎት» ማለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ግንባሬን ቋጠርኩ። ትንሽ ቆየሁ። ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ከዚያ «እስኪ አንድ ነገር ልሞክር» ብዬ የተዘጋጀውን ስክሪፕት አስነሳሁት። ስሞቹ ተመለሱ። እትዬ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ፤ ቡና አስፈሉ፤ ኃላፊው በማግስቱ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉልኝ። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

የሴትዮዋን ድንጋጤ ለደቂቃዎች ለራሴ ክብር ተጠቀምኩበት። ይህን ስጽፈው እንኳ «አሮጌው እንደበራ ነበር እኮ፣ ምንም አይጠፋም ነበር» የሚል ማብራሪያ እጄ ላይ ይመጣል። ልክ ነው፣ ምንም አይጠፋም ነበር። እሳቸው ግን አያውቁም፤ አለማወቃቸውን አውቄ ነው።

ልጅቷ ቡናዋን ይዛ ከጎኔ ቆማ ነበር። ስክሪኑ ላይ የፋይሎቹ ዝርዝር ክፍት ነው፤ የስክሪፕቱ ፋይል ከተጻፈበት ቀን ጋር ይታያል። ቀኑ የዚያን ምሽት አይደለም። ዓይኗ እዚያ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ስኒውን አስቀምጣ ኬብሎቹን መጠቅለል ጀመረች።

ሦስተኛውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ትልቁ እሱ ስለሆነ ነው። ካታሎግ ላይ በአማርኛ መጽሐፍ የፈለገ ሰው የሞክሼ ፊደላትን ጣጣ ያውቀዋል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ ሁለቱን ጸ እና ስድስቱን ሀ እያቀያየርን በ12 መንገድ ልንጽፈው እንችላለን፤ ድምፁ አይለወጥም። ሰው የለመደውን ይጽፋል። ካታሎግ ሠራተኛዋ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብላ በልኩ ትመዘግባለች፣ ተማሪው «ሃዲስ አለማየሁ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሲስተሙ «የለም» ይላል። መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል።

ይህን ከዓመታት በፊት እኔ ፈታሁት፤ በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበትም ነው። መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው መፈለጊያው ገጽ ላይ የተቀመጠች አጭር ኮድ ናት፤ ተማሪው የጻፈውን ተቀብላ ሃንም ሐውንም ኀውንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐንና ዓን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ታመጣለች። ሁለተኛው፣ ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስነሳው በክሮን በየሌሊቱ የሚነሳ ስክሪፕት ነው፤ በዕለቱ የገቡትን መጻሕፍት አንብቦ ርእሱንና ደራሲውን በዚያው በአንድ ወጥ ፊደል ይጽፍና ማርክ በሚባለው የካታሎግ መዝገብ ሥርዓት ለየቤተ መጻሕፍቱ የውስጥ ጥቅም ከተተዉት ከ900ዎቹ መስኮች በአንዱ ውስጥ ያስቀምጣል። የተጣራ ጥያቄ ከተጣራ መዝገብ ጋር ይገናኛል። ዋናው ርእስ አይነካም፤ «ሐዲስ» በሐመሩ ሐ ይቀራል። ማንም እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቅም ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ኮሃ ራሱ አማርኛ የሚችል ይመስላቸዋል።

አሁን ልብ በሉ። የመጀመሪያዋ ኮድ የምትቀመጠው በኮሃ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከዳምፑ ጋር ትሻገራለች። ቀድሞ የተጻፉት የ900 መስኮችም ይሻገራሉ። የሌሊቱ ሥራ ግን በሲስተሙ ስም ሳይሆን በእኔ በራሴ አካውንት የክሮን መዝገብ ውስጥ ነበር፤ ያንን የኮሃ ዳምፕ አያውቀውም። ቤት የሚለቅ ሰው አልጋውንና ቁም ሣጥኑን አይረሳም፤ የሚቀረው ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ነው። ሰርቨር ሲዛወር የክሮን መዝገብ እንደሚረሳ ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

የርክክብ ሰነዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ሰነድ ነው፦ የዩፒኤሱ ባትሪ ዓይነት ሳይቀር አለበት። «የግል አካውንቶች ወደ አዲሱ ሰርቨር አይሻገሩም» የሚል አንቀጽም አለበት፤ ትክክለኛ የደኅንነት አሠራር ነው፣ ማንም ኦዲተር ያጨበጭብለታል። ያንን አንቀጽ ከመጻፌ በፊት አካውንቴን ከፍቼ የክሮን መስመሮቹን አይቻለሁ። የሌሊቷ መስመር እዚያው ነበረች። ረሳኋት ማለት እችላለሁ፣ ሰውም ያምነኛል። አልረሳኋትም። ሰነዱ ውስጥ አልጻፍኳትም፣ ለማንም አልነገርኩም፣ አንቀጹን ጽፌ ወደ ቀጣዩ አለፍኩ።

ምን እንደሚሆን በትክክል አውቅ ነበር። አሮጌዎቹ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ስለዚህ በፍተሻው ቀን ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ከዚያ ወዲህ የሚገቡት ግን፣ ርእሳቸው ውስጥ ሐ ወይም ሠ ወይም ዐ ወይም ፀ ካለ፣ ማንም ቢፈልጋቸው አይገኙም። ጥያቄው ይጣራል፣ መዝገቡ አልተጣራም። እንዲያውም በልኩ የጻፈ ተማሪም አያገኝም፤ ኮዷ የእሱንም ትለውጥበታለችና። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ስልክ ይመጣል፦ «ያስገባነው መጽሐፍ ጠፋ።» ልጅቷ ትፈልጋለች፣ ታጣለች። ያኔ እኔ እጠራለሁ። ግንባሬን እቋጥራለሁ።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያላስገባሁት ተማሪውን ነው። መጽሐፍ ፈልጎ «የለም» የተባለ ልጅ ስልክ አይደውልም፣ አቤቱታ አይጽፍም። የለም ከተባለ የለም ነው፤ ወጥቶ ይሄዳል። ሬጅስትራር ሲበላሽ ኮሪደሩ ይጮኻል፤ ካታሎግ ሲዋሽ ማንም አይሰማም። ስልኩ እስኪመጣ ስንት ሰው ባዶ እጁን እንደሚመለስ ላስብ እችል ነበር። አላሰብኩም ብል አሁንም ማብራሪያ ይሆንብኛል፤ አስቤ አልፌዋለሁ።

ስልኩ አልመጣም። ልጅቷ ቀደመች። የኮሃን ማዋቀሪያዎች ለራሷ ትምህርት አንድ በአንድ እያየች ሳለ ያቺን ኮድ አገኘቻት። ላፕቶፗን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይህች ኮድ የተማሪውን ፊደል ትቀይራለች፤ ታዲያ ከምኑ ጋር ነው የምታገናኘው? አሮጌዎቹ መዝገቦች ላይ አንድ የ900 መስክ አለ፤ አሁን የገቡት ላይ ባዶ ነው» አለችኝ። ጥያቄው ራሱ ግማሽ መልስ ነበር። አፌን ብከፍት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። «እስኪ ልየው» አልኳት። አላየሁትም። የማየው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ጧት ስገባ ጨርሳዋለች። አሮጌው ሰርቨር እንደበራ ስለነበር ገብታ የሁሉንም ተጠቃሚ የክሮን መዝገብ አንብባለች፤ በስሜ ሥር ያለችውን መስመር አግኝታ ስክሪፕቱን ወስዳ፣ በሲስተሙ አካውንት እንዲነሳ አድርጋ፣ ያመለጡትን መጻሕፍት በሙሉ አስነብባ ማውጫውን እንደገና አሠርታዋለች። ስክሪፕቱን በሁለት ቦታ አሻሽላዋለች። በአንዱ ቦታ «ኧ»ን ወደ «አ» የማመጣበት መስመር ትክክል እንዳልሆነ በአጭር አስተያየት ጽፋበታለች፤ ልክ ናት።

ሰነዱንም አሟልታዋለች። አዲስ አንቀጽ ጨምራ፣ የሌሊቱ ሥራ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ቢቆም ምን እንደሚታይ እኔ ከምጽፈው በተሻለ አማርኛ አስፍራዋለች። ከሥሩ አንድ መስመር አለ፦ «ይህ ክፍል የሲስተም አስተዳዳሪው በሰጡት የቃል ማብራሪያ መሠረት የተጻፈ ነው።»

አንዳች ማብራሪያ አልሰጠኋትም። ይሉኝታ ይሁን፣ ትልቅ ሰው እንዳይዋረድ ብላ ይሁን፣ ወይም እንደገባት ልታሳየኝ ፈልጋ ይሁን ከፊቷ ላነብ ሞከርኩ፤ ወረቀቱን አትማ ስትሰጠኝ የያዘችው እስክሪብቶ ብቻ ነበር የሚታየኝ። «ጋሼ፣ ይዩትና የቀረ ነገር ካለ ይጨምሩበት» አለች።

አነበብኩት። ያቺን መስመር ልሰርዛት ብል ለምን ሰረዝክ ልባል ነው። ከገጹ ግርጌ «አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።